የነፋስ ሰው በማን ቤት ነው?

ተረት ላምጣ ወይስ ልተወው? «አምጪ!» በሉ እንጂ፤ አፋችሁን የት ጥላችሁት መጣችሁ? እህ፣ አሁን ተሰማኝ። በሉ ጠጋ በሉ። ይኼኛው የጥርጣሬ ተረት ነው፣ ጮክ ተብሎ አይወራም።

ድሮ ነው፤ ግድግዳም ጣሪያም አፍ በነበራቸው ዘመን። በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አንዷ የእንጨት ቤት ናት። አሮጊት ናት። መሬት የተተከለው ቋሚዋ በጎን ከሚሄደው ማገር፣ ማገሩም ክዳኑን ከሚሸከመው ወራጅ ጋር በጠፍር የታሰረ ነው። ሣር ለብሳለች፤ ጭቃዋ እዚህም እዚያም ተልጧል። እትዬ እንጨት ይሏታል።

ሁለተኛው የብሎኬት ቤት ነው። ወፍራም ነው፣ ግራጫ ነው፤ ራሱ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ደፍቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጠፋል። ጋሽ ብሎኬት ይሉታል።

በዚያ አገር አያ አውሎ የሚባል ነፋስ አለ። በየዓመቱ ሐይቁን ተሻግሮ ይመጣል፤ የወደደውን አንስቶ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት የፍየሊትን ጋጣ አንስቶ ሐይቁ ውስጥ ከተተው። ፍየሊት ሦስት ግልገሎቿን ይዛ ሜዳ ላይ ቀረች። አሁን ደግሞ የሱ ወር ደርሷል። «ዘንድሮ ልጆቼን የት ላስጠጋ?» ጭንቋ ይኼ ነው፤ ሌላ ጭንቅ የላትም።

ታዲያ አንድ ቀን በሐይቁ ዳር ቅጠል ስትለቃቅም አያ አውሎ ከማዶ ብቅ አለ። ገና አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ውኃው ዳር ከበቀለው ደንገል ጋር ይንሾካሾካል።

«ዘንድሮ ብዙ አልደክምም» አለ። «ከሁለቱ ቤቶች በአንዱ የኔ ሰው አለ። እኔ ከውጭ እጠራዋለሁ፣ እሱ ከውስጥ ይከፍትልኛል።»

ደንገሉ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» እያለ አጎነበሰ። ደንገል እንደሆነ ለማንም እሺ ነው።

ፍየሊት ማኘኳን አቆመች። ጆሮዋ ቀጥ አለ። የነፋስ ሰው? በማን ቤት? ፍየል እንኳን ይኼን ሰምታ፣ እንዲያውም ጥላዋን የምትጠረጥር ናት።

መጀመሪያ እትዬ እንጨት ዘንድ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ ብታዳምጥ ውስጥ ሹክሹክታ አለ። ቂው! ይላል አንዱ። ቂው! ይላል ሌላው። ከላይ ደግሞ ጢው!

«እትዬ እንጨት፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከራሴ ጋር ነው ልጄ።»

«ሰው ራሱን ያናግራል?»

«ዕድሜ ነዋ እናቴ። አንቺስ ስታመነዥጊ ማንን ነው የምታናግሪው?»

ፍየሊት አልሳቀችም። «ምን ምን ትባባላላችሁ?»

«አለህ ወይ እንባባላለን። አለሁ እንባባላለን። ሌላ ወሬ የለንም።»

«ይኼማ የተማከሩበት ነገር ነው» አለች ፍየሊት በሆዷ። ዝቅ ብላ ብታይ ደግሞ ከአንዱ ቋሚ ሥር ምስጥ ተቀምጧል።

«አንተስ ማነህ?»

«እኔ መንገደኛ ነኝ» አለ ምስጥ፣ አፉን እየጠረገ።

መንገደኛ! የእንጨት ፍርፋሪ ጢሙ ላይ ይዞ! ፍየሊት ጠረጠረች። እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ።

ከዚያ ጋሽ ብሎኬት ዘንድ ሄደች። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ጸጥ! ትንፋሽ የለ፣ ኮሽታ የለ።

«ጋሽ ብሎኬት፣ አሉ?»

«አለሁ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

«አያ አውሎ በቤት ውስጥ ሰው አለኝ እያለ ነው። እርስዎ ዘንድ ይሆን?»

ጋሽ ብሎኬት ሳቀ፤ ሳቁ እንኳ ከባድ ነው። «እኔ ዘንድ? ስትንሾካሾክ የምትውለውን ጎረቤቴን ጠይቂያት። ከኔ ቤት ሹክሹክታ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያው!»

ፍየሊት ግን «እንግዲያው» ብቻ አይበቃትም። በሩን ጠየቀችው። «የነፋስ ሰው አንተ ነህ?» በሩም «እኔ በማጠፊያ ከግድግዳው ተይዣለሁ፤ ወዴት እሄዳለሁ?» አላት። መስኮቱን ጠየቀችው። «እኔም ግድግዳው ውስጥ ተቀብሬያለሁ፤ ወዴት እሄዳለሁ?» ወለሉን ጠየቀችው። ወለሉ «ኧረ ተይኝ፣ እኔ ወለል ነኝ» አላት።

ወደ ላይ ግን ቀና ብላ አልጠየቀችም።

ምን አልሽ ምንታምር? «ጣሪያውንስ?» ነው የምትዪው? ተይ አንቺ፣ ፍየሏን ቀድመሽ አትጠርጥሪ። ደግሞ እሷም የዋዛ አይደለችም፤ ልጅ የያዘ ሰው ዓይኑ በር በሩን ነው የሚያየው።

እንግዲህ ፍየሊት አሰበች አሰበችና ዝምተኛውን መረጠች። ግልገሎቿን እየነዳች ስታልፍ እትዬ እንጨት ጠራቻት።

«ልጄ፣ እኔ ዘንድ ብታሳድሪያቸውስ?»

«አንቺ ዘንድ? ከነሹክሹክታሽ እዚያው!» አለችና ጋሽ ብሎኬት ቤት ገባች። በሩን በቀንዷ ገፍታ ዘጋችው። ትንሹን ግልገል ጥግ ላይ አስተኛችው።

አያ አውሎ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰማዩ ጠቆረ፣ ሐይቁ ተነሣ። መጀመሪያ ግድግዳውን በትከሻው ገፋ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛ በሩን ገፋ። በሩ ንቅንቅ አላለም። «አላልኩሽም?» አለ ጋሽ ብሎኬት። ሦስተኛ ግን አያ አውሎ መግፋቱን ተወና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ገባ። ድምፁንም አለሰለሰ፣ እንደ ማር አደረገው።

«አያ ቆርቆሮ! አያ ቆርቆሮ!»

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ ከላይ።

ፍየሊት ቀና አለች። አሁን ገና ቀና አለች።

«አንተ! ለካ አንተ ነህ የሱ ሰው!»

«የማን ሰው እንድሆን ፈለግሽ?» አለ ቆርቆሮ። «እዚህ አውጥተው ጥቂት ምስማር መቱብኝና ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ማን ቀና ብሎ አየኝ? እሱ ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር በስሜ ይጠራኛል። አገር አሳይሃለሁ ይለኛል።»

«ታች ልጆች አሉ እኮ!»

«ልጆች እንዳሉ ማን ነገረኝ?»

«አያ ቆርቆሮ!» አለ ነፋሱ፤ ባንድ በኩል ምስማሮቹ ተነቀሉ።

«ጋሽ ብሎኬት፣ ያዘው!» አለች ፍየሊት። በጭንቅ ጊዜ «ይያዙት» የሚል የለም።

«በምን እጄ?» አለ ጋሽ ብሎኬት። «ይሂድ ተይው! እኔ እንደሆንሁ አልወድቅም!»

«አያ ቆርቆሮ!» ሦስተኛው ጥሪ ነው። ቆርቆሮው ጓ! ብሎ ተነሣና ሄደ።

ከላይ የሚጫናቸው ሲጠፋ፣ የላይኛው ረድፍ ብሎኬቶች ይንገዳገዱ ጀመር። ዝናቡ በተከፈተው ጣሪያ ይወርዳል። እትዬ እንጨት ከጎን «ወዲህ ልጄ! ወዲህ!» ትላለች። ፍየሊት ግን እግሯን ተከለች። የሹክሹክታዋ ቤት! ምስጡ! አንዱን ሸሽታ ወደ ሌላው ወጥመድ ብትገባስ? እሷ ስታመነታ ትንሹ ግልገል ከተኛበት ተነሥቶ ጡቷ ሥር ተወሸቀ። ወዲያው አንድ ብሎኬት ከላይ ወርዶ ግልገሉ የተኛበትን ቦታ መታው።

ከዚያ በኋላ ማን ያመነታል? በሩን በቀንዷ በረገደችው፤ ልጆቿን ከፊት አድርጋ ሮጠች።

እትዬ እንጨት ውስጥ ስትገባ ያ ሹክሹክታ ቀልጧል። ቂው! ቂው! አሁን ግን ከውስጥ ሆና ስትሰማው ቃሉ ተለየላት።

«ቋሚ፣ አለህ ወይ?»

«እግሬን ምስጥ በልቶታል፣ ማገር!»

«ይዤሃለሁ። ወራጅ፣ አለህ ወይ?»

«አለሁ፣ ጠፍሩ ይዞኛል። ክዳን፣ አለህ ወይ?»

«አለሁ፣ አለሁ!»

አያ አውሎ ሣሩ ውስጥ ገብቶ አባበለ። «ክዳን፣ ና እንሂድ።» «ቆይ፣ ወራጅን ልጠይቀው» አለ ክዳን። ነፋሱ ወራጅን ጠራው። «ቆይ፣ ማገርን ልጠይቀው።» ማገርን ጠራው። «ቆይ፣ ቋሚን ልጠይቀው፤ ታሟል፣ ትቼው አልሄድም።» አያ አውሎ እንዲህ ያለ ወሬኛ ቤት አይቶ አያውቅም። ጭቃውን ላጠው፣ በስንጥቁ እያፏጨ ገባ፣ ቤቲቱን ወደ አንድ ጎን አዘነበላት። ደከመው፤ ሄደ። ግልገሎቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው አስነጠሱ። ማስነጠስ ነው እንግዲህ፣ በሕይወት ያለ ያስነጥሳል።

ሲባራ ቆርቆሮው ተጨራምቶ ደንገሉ መሃል ተገኘ። አገር አሳይሃለሁ ያለው እዚያው ጥሎት ሄዷል። ጋሽ ብሎኬት ራሱ ተገልጦ፣ ሆዱ ውኃ ይዞ፣ «ከሃዲ!» አለው።

«መቼ ያዝከኝና ነው የከዳሁህ?» አለ ቆርቆሮ።

ፍየሊትም «እኔም አልጠየቅሁህም» አለችው። እትዬ እንጨት እንዳዘነበለች መካከል ገባች።

«ጎረቤቴ፣ ክብደትህ ለኔም በሆነ። እኔን ምስጥ ይበላኛል፣ ዝናብ ይልሰኛል። አንተን ግን የሚያስርህ የለም። ከግድግዳህ ውስጥ ብረት ወደ ላይ አውጣ። እኔ ወራጅ እሰጥሃለሁ፤ ወራጁን በብረቱ እሰር፣ ቆርቆሮውን ከወራጁ ጋር።»

ቆርቆሮውን አቃንተው እንደዚያ አደረጉ። በብሎኬት የሚሠራ ግንበኛ ብረቱን ከላይ አሹሎ የሚተወው ለዚህ ነው፤ ብረት ተርፎት እንዳይመስላችሁ።

በዓመቱ አያ አውሎ መጣ። ሰተት ብሎ ወደ ጋሽ ብሎኬት ጣሪያ ጠርዝ ሄደ፤ የታወቀ ቤቱ ነዋ።

«አያ ቆርቆሮ!»

ዝም።

«አያ ቆርቆሮ፣ እኔ ነኝ!»

ዝም።

«አያ ቆርቆሮ፣ ዘንድሮስ አልጥልህም!»

«አልችልም» አለ ቆርቆሮ። «ይዘውኛል።»

አያ አውሎ ጠርዙን ዞረው፣ ደጋግሞ ዞረው፤ የሚገባበት ቢያጣ ሄደ። ወዴት እንደሄደ አልተሰማም። ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው ሳይፈልግ እንደማይቀር ግን እጠረጥራለሁ።

እኔ አውርቼ ጨረስሁ፤ የቀረው የናንተ ነው። በቤታችሁ ለነፋስ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ለማወቅ የፈለጋችሁ እንደሆነ፣ የሚያወራውን ተዉት፤ ማንም የማይጠይቀውን ጠይቁት።