ከበርሜሉ ሥር የቀረው

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ። ጥያቄህን የሸሸሁ እንዳይመስልህ፣ ልጄ፤ ቁጭ በልና የንስሐ አባትህን ስማኝ። «በድንበር ጠብ የሰው ደም አፍስሼ ወህኒ ገባሁ፤ ጉልበቴም ወጣትነቴም እዚያው አለቀ። ይህ የተረፈው ዝቃጭ ለምን ይሆናል? ከሰው ርቄ ልደበቅ ወይ?» አልኸኝ። እኔ ደግሞ ስለ ዝቃጭ የማውቀውን ያወቅሁት ከዚህ ሰው ነው።

ወፍጮው የሚሠራው በናፍጣ ነበር። ናፍጣ ሲጠፋ ሴቶቹ እህላቸውን እንደተሸከሙ ይመለሳሉ፤ እሱም ደጁ ላይ ተቀምጦ ዝንብ እሽ ሲል ይውላል። ችግር በቅቤ ያስበላል አይደል? አንድ ዘመዱ ከከተማ መጥቶ ከጉሎ ፍሬ ነዳጅ መሥራት አሳየው። ጉሎውን ይጨምቃል፣ ዘይቱን ከአልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ያዋህዳል፣ በበርሜል ያስቀምጠዋል። አድሮ ሲያየው ሁለት ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ከላይ እንደ ጠጅ የጠራ ነዳጅ፣ ከሥር ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚዝለገለግ ዝቃጭ።

ላይኛውን ለሞተሩ ይቀዳል። ሞተሩ ሲነሳ አገሩ ሁሉ ይመርቀዋል፤ «እጅህ ይባረክ» የማትለው ሴት አልነበረችም። ዝቃጩን ግን ለማንም አያሳይም። ጓሮው ቢቀብረው ሣሩ አረረ፤ ላስቀምጠው ቢል በርሜል አልበቃው አለ። ሰውየው ምርቃት ወዳድ ነበር፤ ይህን ያዩ ቀን ምርቃቱ ወደ እርግማን ይዞርብኛል ብሎ ሲፈራ እንቅልፍ አጣ።

በነሐሴ፣ የእመቤታችን ንግሥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በርሜሎቹን አመሻሹ ላይ እያንከባለለ ወስዶ ከምንጩ በላይ ባለው ፈፋ ውስጥ ደፋቸው። «ዝናቡ ሲመጣ ጎርፉ ጠርጎ ይወስድልኛል» አለ። በነሐሴ ዝናብን የሚጠራጠር ገበሬ የት አለ? ያን ለት ግን ሰማዩ ጭጭ አለ። ዝቃጩ እንደ እባብ ቀስ እያለ ወረደና የመጠጡን ውኃ በጎን አልፎ፣ ከሥር ያሉትን የልብስ ማጠቢያ ድንጋዮች አለበሳቸው።

የዚያ አገር ሴት ንግሥ የምትሄደው በነጭ ነው። በማግስቱ ሁሉም ያደፈ ልብሱን ይዞ ወረደ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰች አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ዓይኗ የደከመ ነውና ያለቻትን አንዲት ነጠላ እንደ ልማዷ ድንጋዩ ላይ ዘረጋቻት። ስታነሳት ነጠላዋ ከል ሆናለች። ባልቴቲቱ አልጮኸችም። «እንግዲህ ዘንድሮ ደጇን አልረግጥማ» ብላ ተቀመጠች። ሌሎቹ ናቸው ስለ እሷ የጮኹላት።

ሽታውን የማያውቅ ስላልነበረ ጥፋተኛ ፍለጋ አልተደከመም። ሽማግሌዎቹ ባለ ወፍጮውን ጠርተው ፈረዱ። «ያቆሸሸ ያጽዳ። ሰው ቀጥረህ አይደለም፣ በገዛ እጅህ። ድንጋዩ ለንግሡ ካልነጣ ወፍጮህ ይዘጋል፤ አንተም ከማኅበራችን የለህበትም» አሉት። ከማኅበር የወጣ ሰው እዚያ አገር ቢታመም ጠያቂ፣ ቢሞት ቀባሪ የለውም።

አሸዋ፣ የጭድ ወስፌና አንድ ባልዲ ይዞ ወረደ። የጭድ ወስፌ አልሁ? የጭድ እስር ማለቴ ነው፤ ስናደድ አፌን ያደናቅፈኛል፣ ያንን ነጠላ ባሰብሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ሴቶቹ ከላይ ቆመው ያዩታል። ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ተንበርክኮ መፈግፈግ ጀመረ። ዝቃጩ ከዚህ ሲሉት ወደዚያ ይንሸራተታል፤ መዳፉን እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለዋል። ተነስቶ ሊሮጥ ልቡ ከጀለ፤ ከተራራው ማዶ እኮ የሚያውቀው የለም። ግን ባልቴቲቱ እዚያው ነጠላዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። እሷን አልፎ መሄድ አልቻለም። «እመቤቴ፣ አታዋርጂኝ» ብሎ ጸለየና ውኃ ደፍቶ እንደ ገና ፈገፈገ።

ያን ጊዜ ከጥቁሩ መካከል ነጭ ነገር ብቅ አለ።

መጀመሪያ ዓይኑን ተጠራጠረ። በክንዱ ዓይኑን አብሶ ፈገፈገ፤ አረፋው ጨመረ። ውኃ ሲደፋበት አረፋው ጥቁሩን ይዞ ወረደ፤ ከሥሩ የታየው ድንጋይ ሰውየው ከተወለደ ጀምሮ አይቶት የማያውቀው ድንጋይ ነበር፤ የአያት የቅድመ አያት እድፍ ሳይቀር ለቅቆ እንደ ወተት ነጥቷል። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አለፈ። ጸሐይዋ ከደመናው ወጣች፤ አረፋው ላይ ቀስተ ደመና ወረደበት። ሰውየው እጁን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ዝቃጩን አየ።

ወደ ባልቴቲቱ ሄዶ «እማማ፣ ነጠላዎን ይስጡኝ» አላት።

«አሁንስ ምን ሊቀራት ብለህ ነው?» አለችና ሰጠችው።

በዚያው ባጠቆራት ነገር አሻት። በአረፋው ሲያሻት፣ በውኃ ሲያለቀልቃት፣ ነጠላዋ ጥበቧ ሳይቀር ጠርታ ወጣች። ባልቴቲቱ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት፤ ወደ ጸሐይ ዘረጋቻት። እልል ያለችው እሷው ናት።

ሽማግሌዎቹ ፍርዳቸው መፈጸሙን ሊያዩ ሲመጡ ሰውየው ገና አልተነሳም። «ምነው? አልነጣም?» ቢሉት «ነጥቷል አባቶቼ፤ ያነጣው ግን እኔ አይደለሁም፤ ያቆሸሸው ራሱ ነው» አለ። ከመካከላቸው አዛውንቱ ጫማቸውን አውልቀው ድንጋዩ ላይ ወጡና «እግዚኦ» አሉ።

ኋላ ሰውየው ዝቃጩን መደበቅ ተወ። እንደ ወረደ የሰው ገላ እንደሚልጥ በእጁ አይቷልና ሌላውን አላስነካም። ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ፣ ሰውም ነበልባልም ሳያስጠጋ አልኮሉ ተኖ እስኪያልቅ ያሞቀዋል፤ ዘይትና ሶዳውን መጥኖ ጨምሮ ክንዱ እስኪዝል ያማስለዋል፤ በሳጥን ገልብጦ ሳሙና ሆኖ እስኪረጋ ያቆየዋል። ያኔም ቢሆን አይቸኩልም፤ እስኪበስል፣ እስኪበርድ፣ ሕፃን ቢታጠብበት እስከማይጎዳ ድረስ ይታገሠዋል። ያ ሳሙና ለሙሽራም ለአራስም ሆነ።

እንግዲህ ልጄ፣ ዝቃጩ አንተ ነህ። አልዋሽህም፤ ክፉ ነገር ነው ያደረግኸው፤ ክፉውን መልካም ነው የሚል ካለ ውሸታም ነው። ግን ፈፋ ውስጥ አትድፋው። ብትደብቀው ወርዶ የሌላውን ያቆሽሻል። እግዚአብሔር ደግሞ የጠራውን ብቻ የሚቀዳ ሰነፍ ባለ ወፍጮ አይደለም።

ታችኛው ሰፈር ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ጩቤ እየሳሉ ነው፤ ሰምተሃል። ሦስት ጊዜ ሄጄ መስቀል ይዤ ለምኛቸዋለሁ፤ ጥምጣሜን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ስለቱን መሳል ቀጠሉ። እኔ ሰው ገድዬ አላውቅማ፤ በማግስቱ ያለውን ጠዋት የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ያን ጠዋት ንገራቸው፤ የሟቹን እናት ድምፅ ሳታስቀር ንገራቸው። ስታወራው ያቃጥልሃል፣ አውቃለሁ።

ተነስ፣ ሳይመሽ ሂድ።