ሦስት መጨረሻ የተጻፈለት ወንጌል

መጽሐፍ ሁሉ በብራና በሚጻፍበት በአንድ ወቅት፣ እመት ስኂን የሚባሉ ባለጸጋ ሴት አንድዬ ልጃቸው አልጋነሽ በወሊድ ሞተችባቸው። በስሟ ወንጌል አጽፈው ለተቀበረችበት ደብር ሊሰጡ ቆረጡ። ጸሐፊው መሪጌታ ግን አንድ ገጽ ሲቀራቸው ሞቱ።

በዚያ አገር ልማድ መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ስሙ በግርጌው ይሰፍራል፤ ካህናቱም ወንጌሉ በተነበበ ቁጥር ስሙን ጠርተው ይጸልዩለታል። ይህን ማን ይጠላል? የመሪጌታው ሦስት ልጆች ሦስቱም ብዕራቸውን ቀረጹ።

የቀረው ገጽ ሴቶቹ ሽቱ ይዘው ወደ ጌታ መቃብር የሄዱበት ነው። ድንጋዩ ተንከባሎ፣ መቃብሩ ባዶ ሆኖ አገኙት። ተነሥቷል ተባሉ፤ እነሱ ግን ፈርተው ሸሹ፣ ለማንም አልተናገሩም። መሪጌታው ይገለብጡበት የነበረው አሮጌ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያበቃል።

ታላቁ ዘርአ ብሩክ ፍርሃታቸው ላይ አራት ነጥብ አድርጎ ብዕሩን አስቀመጠ። የገጹ እኩሌታ ባዶ ቀረ።

«ታዲያ እኛ ከማን ሰማን?» አሉ እመት ስኂን።

«ባልተጻፈው ላይ አልጨምርም፣ እመት። አባቴም አንዲት ፊደል ጨምረው አያውቁም።»

እመት ስኂን ልጃቸው የሞተች ዕለት እሳቸውም ከቤት ሮጠው ወጥተው፣ እስከ ማግስቱ ለሰው መናገር አቅቷቸው ነበር። ይህ ገጽ የእኔን ጉድ ያውቃል አሉ በልባቸው።

መካከለኛው ኪሮስ ሩቅ ገዳም ውስጥ ሌላ መጽሐፍ እንዳለ ሰምቶ ሰባት ቀን በእግሩ ተጓዘ። እግሩ ቆስሎ ተመለሰ። በእሱ ገጽ ጌታ ለማርያም ይታያል፣ ደቀ መዛሙርቱን ይገሥጻል፣ ወደ ዓለም ሁሉ ይልካቸዋል፣ ያርጋል። እመት ስኂን ተተርጉሞ ሲነበብላቸው እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ልጃቸውን እንደሚያገኟት ቅንጣት ታህል አልተጠራጠሩም።

«ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ነው» አለ ታላቁ።

«ከአባቶች የመጣ ነው» አለ ኪሮስ።

ትንሹ ልሳነ ወርቅ የትም አልሄደም። አባቱ በየፋሲካው መጽሐፉን ከዘጉ በኋላ በቃላቸው የሚያክሏት አጭር ነገር ነበረች፤ ሴቶቹ ፍርሃቱ ሲለቃቸው ሄደው ለጴጥሮስና ለባልንጀሮቹ ሁሉን ነገሩ የምትል። እሷን ጻፈ። ሲያነባት የደብሩ ሰው የመሪጌታውን ድምፅ የሰማ ያህል አለቀሰ።

«የት ተጽፋ አገኘሃት?» አሉት ወንድሞቹ።

«የትም። ከአባታችን አፍ ነው የሰማኋት።»

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጽሐፉን የሚሰፋው ደጓሽ መርፌውን ይዞ ወደ ደብሩ መጣ። ሦስቱንም ስፋቸው ቢሉት፣ «አንድ ወንጌል ሦስት ጊዜ አያልቅም፣ እመት» አለ። እመት ስኂን ሦስቱን ገጾች ጭናቸው ላይ ዘርግተው ወደ ልጃቸው መቃብር ተመለከቱ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ በአልጋነሽ ወንጌል ውስጥ ስሙ ሊጠራ የሚገባው ማን ነው? ከተጻፈው ያላለፈው ነው፣ ተጉዞ ያመጣው ነው፣ ወይስ የሰማውን ያልረሳው?