ሁለት በሬ በአንድ ድስት

አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ጥበብ የሚወድ። መርሻ ልጄ፣ «የሃይማኖት ሁሉ ሥሩ አንድ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እንዲህ ላለው ጥልቅ ነገር አእምሮዬ አይደርስም፤ ስለ ወጥ ግን ጥቂት አውቃለሁና ስማኝ።

ይህ ባለጠጋ ከሩቅ አገር መጻሕፍት እያስመጣ ብዙ ዘመን አነበበ። የሕንዱም፣ የግሪኩም፣ የዓረቡም ጠቢብ በየቋንቋው ያንኑ አንድ እውነት እንደተናገረ ገባው። «ሥርዓት ልብስ ነው፤ ገላው አንድ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ቀረ፤ ገላውን ያየ ሰው ልብስ ምን ያደርግለታል?

በዚያ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዳስ ይደግሳል፣ አብሮ ይቀብራል፤ ሥጋውን ግን ለየብቻ ያርዳል፣ ለየብቻ ይቀቅላል። አንዱ የሌላውን እርድ አይቀምስም፤ በዚህም ተቀያይመው አያውቁም። አንድ ዓመት ግን በግጦሽ መሬት ተጣሉ፤ ሊገዳደሉም ደረሱ። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። ዕርቁ የሚጸናው አብረው ሲበሉ ነውና ባለጠጋው «ድግሱ የእኔ ነው» አለ።

ሁለት በሬ አቀረበ። አንዱን ክርስቲያኖቹ፣ አንዱን ሙስሊሞቹ አረዱ። እሱ ግን አራጆቹን ወደ ዳሱ ከሸኘ በኋላ የሁለቱንም ሥጋ በአንድ ትልቅ ድስት አስጣደው። ወጡ ቀርቦ ሰው እጁን ሲዘረጋ ብድግ አለና፣ ፊቱ እያበራ፣ «የሁለቱን በሬ ሥጋ በአንድ ድስት ቀቅዬዋለሁ! እስቲ የቱ ቁራጭ የማን እንደሆነ የሚለይ ማነው?» አለ።

እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ።

«ይሄ የነሱ ተንኮል ነው!» አለ አንዱ ከወዲህ።

«የእናንተ እንጂ!» አለ ሌላው ከወዲያ። ሰው ዱላውን መፈለግ ጀመረ።

ይኼኔ ሼሁ ወደ ቄሱ ዘወር አሉ። «አባ፣ ያን ጊዜ ያጣላን ምን ነበር?»

«የግጦሽ መሬት ነዋ።»

«የዛሬውስ?»

«የዛሬውማ አንድነት ነው፣ ሼኬ።»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፤ ዱላ ያነሣው አፈረ። ከዚያ ሁለት በግ አስመጥተው በየወገናቸው አሳረዱ፤ በሁለት ምድጃም ተጣደ። የሙስሊሞቹ ቀድሞ በሰለ፤ ሆኖም ከመካከላቸው የጎረሰ የለም።

«አባ፣ የናንተስ አልደረሰም?» ይላሉ ሼሁ።

«ምን ዓይነት በግ ነው የደረሰን? ይሄ አያት ነው! ትንሽ ታገሡን» ይላሉ ቄሱ።

ሲደርስ ሁሉም እኩል ጎረሰ፤ ዕርቁም ጸና። ባለጠጋው ከዳሱ ጥግ ከድስቱ ጋር ተቀምጦ አንድነትን ብቻውን በላው። ሁለት በሬ ነውና እስኪጨርስ ሰንብቷል ይባላል።

እንግዲህ መርሻ፣ ሰውየው ተሳስቷል አላልኩህም። ሥሩ አንድ ይሆናል፤ ሥር ከመሬት በታች ነውና እኔ አላየሁትም። ያየሁት ምድጃውን ነው። ድስቱ ይህ አሁን የተማረክህበት አሳብ ነው፤ ምድጃዎቹ ሰው ከአባቱ የተቀበለው ሥርዓት ናቸው። እነዚያ ሰዎች አንድ የሆኑት ድስት ስለተደባለቀላቸው አይደለም፤ እየራባቸው አንዱ የሌላውን ስለጠበቀ ነው። አንተም በራስህ ምድጃ ጣድ፤ ሲበስልልህ የጎረቤትህ እስኪደርስ እጅህን ሰብስብ። ስትጠብቅ የእውነት አንድነት ከገባህ፣ እሰየው። ካልገባህም፣ ቢያንስ ዕርቁ አይፈርስም።