ክርስትና ያነሳች ክንድ

አንዲት እናት በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ሹራቧን ለመልበስ ትታገል ነበር። አንዱን እጅጌ አጠለቀች፤ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ትከሻዋ እምቢ አላት። ሹራቡን ግማሽ እንደ ለበሰች ተቀምጣ ቀረች። በደጅ የሚያልፍ ሰው ቢያያት፣ «ፀሐይ እየሞቀች ነው» ይላል እንጂ ታማለች አይልም።

የስንቱ ሰው ሕመም እንዲህ ነው፣ ምእመናን? ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፣ በራጅ አይታይ፣ በደም ምርመራ አይገኝ።

እትዬ አመለወርቅ ትባላለች። ደሴ ከተማ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። ሕመሙ መላ አካሏን ይዞራል፤ ዛሬ ወገቧን፣ ነገ ክንዷን። ተኝታ ታድራለች፤ ያልተኛች ያህል ደክማ ትነሣለች። ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር «ምንም የለብዎትም» ይሏታል። ባለቤቷ አቶ ታፈረ ደግ ሰው ነው፤ ውኃ ይቀዳል፣ ገበያ ይወጣል። እሱ እንኳ አንድ ቀን ደክሞት፣ «አንቺ አሞኛል ማለቱን ብትተዪው ሕመሙም ይተውሽ ነበር» አላት። ከሕመሙ ይልቅ ያ ቃል ሲከነክናት ከረመ።

ጎረቤቷ አስካለ ደግሞ ብዙ ዓመት ልጅ አጥታ የኖረች ሴት ናት። ደጅ ጠንታ፣ አልቅሳ፣ በስተመጨረሻ ፀነሰች። ለገዛ እናቷ ሳትነግር መጀመሪያ የመጣችው ወደ አመለወርቅ ነው።

«እትዬ፣ ሴት ከሆነች ክርስትና የሚያነሱልኝ እርስዎ ነዎት» አለቻት።

አመለወርቅ ክንዷን አየች። ሹራብ መልበስ ያቃተው ክንድ ሕፃን ታቅፎ እንዴት ይቆማል? ብጥላትስ ብላ ፈራች። «አልችልም አስካለ፤ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለቻት።

አስካለ ምን ሰማች? «አልፈልግሽም» የሚል ሰማች። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋ ከአጥር ማዶ ሆነ።

በዚያው ሰሞን አመለወርቅ ወደ ሌላ ሐኪም ተላከች። ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ ጠየቃት፣ መረመራት፤ በመጨረሻም የሕመሙን ስም ነገራት። ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። «ሕመምዎ እውነት ነው» አላት። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች። አጠገቧ የነበረው ታፈረ አንገቱን ደፋ።

ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራት። እዚያ የተቀበለቻት ፌቨን የምትባል ባለሙያ ናት።

«እማማ፣ ጡንቻዎን ማጠንከር አለብን። ክብደት እናነሳለን» አለቻት።

«ልጄ፣ ማበጠሪያ ማንሳት ላቃተኝ ሴትዮ ነው ክብደት?»

ፌቨን ሳቅ አለች። «ታዲያ ከማበጠሪያው እንጀምራለና።»

ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ማንሳት አሳየቻት። አመለወርቅ ግን ቸኩላለች፤ የአስካለ ሆድ እየገፋ ነው። ቤት እንደ ገባች ጠርሙሱን ጢም አድርጋ ሞልታ፣ ክንዷ እስኪዝል ስታነሳ ዋለች። በማግስቱ ከአልጋ መውረድ አቃታት። «በቃኝ፣ ይሄ ነገር ይገድለኛል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ታፈረ አልተቆጣም፣ አልመከረም። ባለሙያዋ ዘንድ ሄዶ ጠየቀና ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጥቂት ታንሳ፣ ትረፍ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ጥቂት ታንሳ ብላለች። ሲብስባት ትቀንስ እንጂ አትተወው ብላለች። እኔም አብሬሽ አነሳለሁ። የእኔም ጉልበት ከአንቺ አይሻልም» አላት።

ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እሷ ግን ሰምታዋለች።

ሁለቱ አረጋውያን ወንበራቸውን ፊት ለፊት አድርገው መነሣትና መቀመጥ ጀመሩ። ያየ ሁሉ ይስቅ ነበር። ክፉ ሳምንት ሲመጣ ትቀንሳለች፤ ደኅና ሲሆን ትጨምራለች። ባዶው ጠርሙስ ግማሽ ሆነ፤ ከወራት በኋላም ሞላ። አንድ ጠዋት ፀጉሯን ራሷ ጎንጉና ብቅ አለች። ታፈረ በሩ ላይ ቆሞ አያት።

አስካለ ሴት ልጅ ተገላገለች። አመለወርቅ ገንፎ ሠርታ፣ ይዛ ሄደች።

«ያኔ እንቢ ያልኩሽ ክንዴን ፈርቼ ነው እንጂ አንቺን ጠልቼ አይደለም» አለቻት።

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ያምነኛል ብዬ።»

አስካለ ሕፃኗን አንስታ በአመለወርቅ ክንድ ላይ አስቀመጠችላት።

ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትና ተነሣች። ሕፃኗ ከውኃው ወጥታ ስታለቅስ አመለወርቅ በነጠላ ተቀበለቻት። ጸሎቱ ረዘመ፤ ትከሻዋ እንደ እሳት ነደደ። ታፈረ «ላግዝሽ?» ብሎ በዓይኑ ጠየቃት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። እስክትቆርብ ድረስ ይዛት ቆመች፤ ከዚያም ለእናቷ መለሰቻት።

ድግሱ ላይ ሰዎች «አመለወርቅ ተፈወሰች!» እያሉ እልል አሉ። እሷ ግን እንዲህ አለቻቸው፦ «አልተፈወስኩም። አሁንም ያመኛል፤ ነገ ተኝቼ እውል ይሆናል። ግን በርትቻለሁ። እግዚአብሔር ሕመሙን አላነሣልኝም፤ እኔን ግን አነሣኝ። ተመስገን።»

ምእመናን፣ እኛስ? ስድን አመሰግናለሁ፣ ሲያልፍልኝ አመሰግናለሁ እያልን ስንቱን የምስጋና ቀን አሳለፍን? እግዚአብሔር በሐኪም ዕውቀት ሲረዳን፣ በትዳር አጋር ትዕግሥት ሲደግፈን፣ አምና ያቃተንን ዘንድሮ ሲያስችለን፣ ያ ሁሉ ከእርሱ እንደ ሆነ ስንቶቻችን አየን?

ደግሞስ በየቤታችሁ «አሞኛል» ብላ ብላ፣ የሚሰማት ብታጣ ዝም ያለች እናት የለችም? ዝም ያለ አባት የለም? ዛሬ ስትገቡ ለመምከር አትቸኩሉ። አጠገባቸው ተቀመጡ። «እናምናችኋለን» በሏቸው። ለሰው ብርታት መጀመሪያው መታመን ነው።

እናንተም በሕመም ያላችሁ፣ ለዛሬ የተሰጣችሁ ብርታት ጥቂት ነውን? ጥቂት ነው ብላችሁ አትናቁት። በዚያው ብርታት አንድ ጊዜ ተነሡ፣ ዕረፉ፣ ደግማችሁ ተነሡ። በተነሣችሁም ቁጥር ላቆማችሁ አምላክ ምስጋና ይድረሰው።