የመሳቢያው ቁልፍና ዘንጋዳ ወንዝ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ ላሟም በረቱም ከወንዝ ማዶ ነበሩ፣ የዚህ ተረት ጣጣም የመጣው ከዚያው ነው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅም አትድከሙ። እኔው ነኝ። አዳሙ እባላለሁ፣ በዚያን ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነበርኩ።

ከወንዙ ወዲህ እትዬ ይመኙሻል የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ታናሽ እህታቸው እንጉዳይ ነበሩ። ሰኔ ማለቂያ ላይ እንጉዳይ ታመሙ፣ እህል አልወርድ አላቸው። እትዬ ይመኙሻል የአጃ አጥሚት ሠሩ፣ በፔርሙስ ሞሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ፍላጎታቸው ይቺው ነበረች፤ ተሻግሮ እህትን ሁለት ፉት ማስባል።

ዘንጋዳ ወንዝ እንዲህ የሚፈራ ወንዝ አይደለም። በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች። ያን ክረምት ግን ሞልቶ መሻገሪያውን ግንድ ይዞት ሄዷል። የመኪናው ድልድይ ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ የእትዬ ይመኙሻል ጉልበት ከደጃፋቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

«ወንዝ፣ አሻግረኝ» አሉት።

«ዛፍ ጋድሚብኝ፤ ያለዚያ አላሻግርም» አለ ወንዙ።

ወንዙ እትዬ ይመኙሻልን አላሻግርም አለ፤ አጥሚቱም ቀዘቀዘ። ማዶ እንጉዳይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አውለበለቡ።

ወንዙ ዳር ረጅም ባሕር ዛፍ ቆሟል። እትዬ ይመኙሻል ቀና ብለው «ዛፍ፣ ወንዙ ላይ ተጋደምልኝ» አሉት።

«እንደ ድሮው ዛፍ መሰልኩሽ?» አለ ዛፉ። «ደረቴ ላይ ቆርቆሮ አለ፣ ቆርቆሮው ላይ ቁጥር አለ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ነኝ። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ያውቁኛል። ባሻ እጅጉ ሳይፈቅዱ አልጋደምም።»

ያን ቆርቆሮ ያስመታሁት እኔ ነኝ። ዓለም ስለ አየር ንብረት ሲጨነቅ እኛም ድርሻችንን እንወጣ ብዬ፣ የቀበሌውን ደን ከአንድ የውጭ ማኅበር ጋር አስመዝግቤው ነበር። ዛሬም ክፉ ሐሳብ ነበር አልልም። ክፉው የመጣው በኋላ ነው።

እትዬ ይመኙሻል በማግስቱ ሌላ አጥሚት ሠርተው ወደ ደኑ ጥበቃ ወደ ባሻ እጅጉ ሄዱ። ባሻ ከድንጋያቸው ላይ ተነሥተው እጅ ነሡ።

«እትዬ፣ አንጀቴ እያረረ ነው» አሏቸው። «ግን ሊቀ መንበሩ፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ሳታይ ጭራሮ እንኳ እንዳታስነሣ ብሎኛል። ወረቀቱን ብቻ ያምጡልኝ፣ እኔው ራሴ እጥለዋለሁ።»

ባሻ ዛፉን አላስነካም አሉ፤ ዛፉ ወንዙ ላይ አልጋደምም አለ፤ ወንዙ እትዬ ይመኙሻልን አላሻግርም አለ፤ አጥሚቱም ቀዘቀዘ። ማዶ እንጉዳይ በሩን ተደግፈው ነጠላቸውን አውለበለቡ።

ከዚያ ወደ ቀበሌ። ፀሐፊያችን ስንዱ ደግ ልጅ ናት፤ እትዬ ይመኙሻል ወንበር ሳይዙ ወረቀቱን ጽፋ ጨረሰች። ወረቀቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አኮረፈ። «ማኅተም ካላረፈብኝ የጨው መጠቅለያ ነኝ። ባሻ ዘንድ ሄጄ አልዋረድም» አለ።

ወረቀቱ ባሻ ዘንድ አልሄድም አለ፤ ባሻ ዛፉን አላስነካም አሉ፤ ዛፉ ወንዙ ላይ አልጋደምም አለ፤ ወንዙ እትዬ ይመኙሻልን አላሻግርም አለ፤ አጥሚቱም ቀዘቀዘ።

ማኅተሙስ? ማኅተሙ የእኔ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። እዚያው ጨለማ ውስጥ ሆኖ «ቁልፉ ካልከፈተልኝ ወረቀቱ ላይ አላርፍም» አለ። ቁልፉስ? ቁልፉ የእኔ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። እኔስ? እኔ በአውሮፕላን ከሄድኩ ሦስት ቀኔ ነው።

ቁልፍ ይዞ ባሕር የሚሻገር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያት ነበረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔ በሌለሁበት አንድ ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ወጥቶ፣ ወረዳ ተጠርቼ ተወቅሼበታለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ስወጣ ቁልፉም አብሮኝ ይወጣል። የሚቀጥለውን ምርጫ እንጂ የሚቀጥለውን ጎርፍ አላሰብኩም።

የሄድኩት ስለ አካባቢ መሪዎችና ስለ አየር ንብረት በተጠራ ትልቅ ጉባኤ ላይ ነው። ስለ ደናችን ልናገር፣ ለዘንጋዳም የሲሚንቶ ድልድይ የሚሠራልን ወዳጅ ልፈልግ። አያችሁ፣ ወንዙን አልረሳሁትም ነበር። ከሩቅ ሆኜ ነበር የማስበው።

ስንዱ ስትደውል አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ።

«ጋሼ፣ እትዬ ይመኙሻል ዛሬም መጥተዋል» አለችኝ። «እህታቸው ዛሬ ከደጃፍ አልወጡም። ነጠላቸውን ያወዛወዙት በመስኮት ነው። መሳቢያውን እንስበረው?»

«የመንግሥት መሳቢያ አይሰበርም፣ ስንዱ።»

«እሺ፣ እርስዎ ለባሻ በስልክ አንድ ቃል ይንገሯቸው። አጠገቤ ናቸው።»

በዚህ መሐል ስሜ ተጠራ። «ስድስት ቀን ነው የቀረኝ፣ ይታገሡ» አልኳት። «የግንዱንም ነገር ተዉት፤ የሲሚንቶ ድልድይ ይዤላችሁ ነው የምመጣው።»

«እሺ ጋሼ» አለች። የስንዱን እሺታ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ያለችው እሺ አልነበረም።

መድረኩ ላይ ወጥቼ ተናገርኩ። ሰውን ከሰው ስለማገናኘት ነበር የተናገርኩት፣ በጣም ተጨበጨበልኝ። ስናገር ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር፣ ጣቴ ቁልፉን ይነካው ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አሁን ለእናንተም ነገርኳችሁ።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ሞላ። እኔ አልመለስም አልኩ፤ ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም አለ፤ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አላርፍም አለ፤ ወረቀቱ ባሻ ዘንድ አልሄድም አለ፤ ባሻ ዛፉን አላስነካም አሉ፤ ዛፉ ወንዙ ላይ አልጋደምም አለ፤ ወንዙ እትዬ ይመኙሻልን አላሻግርም አለ፤ አጥሚቱም ቀዘቀዘ። በማግስቱም ቀዘቀዘ። በማግስቱ ማግስትም ቀዘቀዘ። ማዶ መስኮቱ ተዘግቶ ዋለ፣ የሚውለበለብም ነጠላ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት፣ እትዬ ይመኙሻል አጥሚቱን ፔርሙስ ውስጥ እየገለበጡ ሳሉ፣ ከማዶ ጡሩንባ ተነፋ። የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ዘለቀ ቤቱ ማዶ ነው። ሦስት ጊዜ ነፋና የእንጉዳይን ስም ጠራ።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከወንዙ ወዲህ ነው። ሬሳ ደግሞ አያድርም፤ እስከ ቀትር መሻገር አለበት። ይህን ለማንም መንገር አላስፈለገም።

ጡሩንባው ባሻን አስነሣ፤ ባሻ መጥረቢያቸውን አነሡ፤ መጥረቢያው ሁለት መቶ አሥራ አራትን ጣለ፤ ዛፉ ወንዙ ላይ ተጋደመ፤ ወንዙ እትዬ ይመኙሻልን አሻገረ። ወረቀት ያለ የለም፣ ማኅተም ያለም የለም። አገሬው በገመድ ጎተተ፣ በትከሻ ገፋ፣ ፀሐይ ሳትከር ተፈጸመ። ወረቀቱ የስንዱ ጠረጴዛ ላይ ቀረ፤ ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ ቀረ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ እኔም ባሕር ማዶ ቀረሁ።

ባሻ ናቸው እጃቸውን ይዘው ያሻገሯቸው። እትዬ ይመኙሻል በአንድ እጃቸው ፔርሙሱን እንደያዙ ነበር፤ ከድንጋጤ የተነሣ ማስቀመጡን ረስተውታል። ማዶ ደርሰው፣ እህታቸው ከተኙበት መደብ አጠገብ ቁጭ ብለው ከፈቱት። እንፋሎቱ ወጣ። ያን ቀን አጥሚቱ ትኩስ ነበር።

እኔ የተመለስኩት ለቅሶው ሳይነሣ በአራተኛው ቀን ነው። ከመኪና ወርጄ ሻንጣዬን እንኳ ሳላሳርፍ ሄድኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ምንጣፉ ዳር ተቀመጥኩ። ከባሻ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየንም። እኔ ከሳቸው ይልቅ፣ እሳቸውም ከኔ ይልቅ ያፈርን ይመስላል።

እትዬ ይመኙሻል ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ አዳሙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ዛፉ ያው ዛፍ ነው። ወንዙ ያው ወንዝ ነው። ባሻም ያው ባሻ ነው። ለሬሳዋ ግማሽ ቀን ያልፈጀው ነገር፣ በሕይወት ሳለች ምን ጎድሎት ነው?»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ላወጣው አሰብኩ፤ አውጥቼ ምን ልበላቸው? አንድ ቃል ነበር የጎደለው። በስልክ የሚነገር አንድ ቃል፣ «ባሻ፣ ጣለው» የሚል። ይህንንም አልነገርኳቸውም። ይቅርታ እንኳ የጠየቅኳቸው ከሰባት ወር በኋላ ነው፣ እሳቸውም «እግዜር ይማረን» አሉኝና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ መሳቢያው አይቆለፍም፣ እኔም ለምርጫ አልቀረብኩም። የሲሚንቶው ድልድይ ጥናት ላይ ነው ይባላል። ሁለት መቶ አሥራ አራት እስከ ዛሬ ወንዙ ላይ ተጋድሞ ሰው ያሻግራል፣ ቆርቆሮው አልተነቀለም። ሳልፍበት እግሬ እንዳይረግጠው እጠነቀቃለሁ።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም። ዳቦ ያላችሁ፣ ማዶ ለታመመው ዛሬውኑ አሻግሩለት፣ ጡሩንባው ሳይነፋ።