የጎርፍ ጠሪው ጉሮሮ

ሥራው መጮህ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። አትሳቅ ደምለው፤ የልጅህን አፍ ዘግተህ መጥተህ መሳቅ አያምርብህም። «የኔታ፣ ልጄ አክስቷ ዘንድ ከርማ ብትመጣ ‹ቀ›ን አላልታ ትጠራለች፤ የአባቶቻችን አነጋገር በእኔ ቤት ሊጠፋ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብለህ አይደል የጠየቅኸኝ? እስክታስተካክል አትናገር ብለሃታል፤ እሷም ይኸው ዘጠኝ ቀን ዝም ብላለች። እንግዲህ ስማኝ።

ሰውየው ኮረብታ ላይ ቆሞ ጎርፍ ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ነበር። ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ፀሐይ ነው፤ ወንዝ ዳር ያለው ሕዝብ የውሃውን መምጣት የሚያውቀው በእሱ ጥሪ ነው። ጥሪው ረጅም ሆኖ መጨረሻው ከጉሮሮ ይቆረጣል፣ «ቅ!» ብሎ። ሞክረው እስቲ፤ ሳል ነው የሚይዝህ።

ሲያረጅ ጥሪውን ለአንዲት ሴት አስተማረ። እሱ ራሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይጠራም ነበር። ዳገት ወጥቶ ቁና ቁና ሲተነፍስ መጨረሻው ይላላበታል፤ አይታወቀውም እንጂ። ተማሪዋ ጠንካራውንም የላላውንም ሰማች፤ ለጉሮሮዋ የቀለላትን ያዘች። እሱ ደጋ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ኖረ፤ እሷም ሃያ ዓመት እንደዚያ ጠራች።

ከዚያ ተመልሶ ሰማት። «ወይኔ! ጥሪው ጠፋ! ሰው ሊያልቅ ነው!» ብሎ ከለከላት። ሌላ ጠሪ ሊለምን ሁለት ቀን ተጉዞ ማዶ ተራራ ሄደ። የዚያ አገር ጠሪም መጨረሻውን ልክ እንደ ሴትዮዋ አላልቶ ጠራለት።

«ከማን ተማርህ?» አለው።

«ከአባቴ። እሱስ ይቆርጠው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሆነልኝ።»

ሁለቱ ጠሪዎች ተያይተው አያውቁም። ሰውየው ግን ምንም አልገባውም፤ እየተሳደበ ተመለሰ።

በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንዙ ከላይ እያጓራ መጣ። ታች የልጁ ሚስት ሕፃኗን አዝላ ከሴቶቹ ጋር ልብስ ታጥባለች። ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ ጠራ፣ መጨረሻውን ቆርጦ፣ አሳምሮ። ማንም ቀና አላለም፤ ዝንጀሮ የሚያባርር ሰው መሰላቸው። ደግሞ ጠራ። ምራቱ ነጠላ መጭመቋን ቀጠለች። ያን ጊዜ እዚያው ኮረብታ ላይ ወደ ነበረችው ሴትዮ ሮጦ እግሯ ላይ ወደቀ።

«በእናትሽ ጥሪ! እንደሚወጣልሽ ጥሪ!»

ጠራች። ሴቶቹ ልብሱን ጥለው ወደ ዳገቱ ሮጡ። ምራቱ ገና ግማሽ ሳትወጣ ስታጥብበት የነበረውን ድንጋይ ውሃው ዋጠው።

ደምለው፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አክስቷን አትክሰስ። አንተም ደክሞህ ከእርሻ ስትገባ ‹ቀ›ን ታላላለህ፤ አሁን ስታወራኝ እንኳ ሦስት ጊዜ አላልተሃል፣ ሰምቼሃለሁ። ልጅህ የቀለላትን ያዘች። አክስቷ አገርም፣ ማዶ ተራራም እንዲሁ የሆነው በሁሉም ዘንድ ያለው ያው የሰው ጉሮሮና የሰው ጆሮ ስለሆነ ነው። አባቶችህም ከአባቶቻቸው ሲማሩ እንዲሁ አድርገዋል። እኔን ያስፈራኝ የ‹ቀ› መላላት አይደለም፤ ዘጠኙ ቀን ነው። ይህች ልጅ ዝምታውን ከለመደችው ያባቶችህን ቋንቋ ለማን ልትሰጠው ነው?

በል ተነሥ፣ ምን ትቀመጣለህ? ቤትህ ግባና እንደሚወጣላት እንድታወራ፣ «አባዬ» ብላ እንድትጠራህ ለምናት።