ከአጥር ጀርባ የተተፋ ሁመር

አንድ ደገኛ ሰው ነበረ። ስንዱ፣ ጥያቄሽን ዘንግቼ ተረት የጀመርኩ እንዳይመስልሽ። የእጮኛሽ እናት ከቆላ የላኩልሽ ሁመር እየጎመዘዘሽ «ይጥማል» ልበል ወይስ እውነቱን ልናገር ነው ያልሽኝ። አክስትሽ ፊደል አልጠገበችም፤ የምታውቀውን በሰው ታስረዳሻለች።

ይህ ሰው ከሞቃት አገር ሚስት አገባ። እሱ ያደገው እሳት የለበለበውን የገብስ እሸት በመዳፉ አሽቶ እፍ እያለ እየቃመ ነው። እሷ ደግሞ ከእህቶቿ ጋር ወንዝ ዳር ካለው የሁመር ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ፣ ያን ጎምዛዛ ፍሬ እየመጠጠች፣ ዘሩን ውኃው ላይ እየተፋች።

አባቷ በዓመት አንዴ አንድ ቁና ሁመር ይልክላታል። በመጀመሪያው ዓመት ፈልፍላ አጎረሰችው። ጉርሻ አይመለስ ነገር፤ ፊቱ እንደ አሮጌ ቁርበት ተኮማተረ። ግን አዲስ ሙሽራ ነውና «እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም፣ ሲጥም» አላት። ከዚያ ወዲያ ለራሷ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም፤ ሁሉን ለእሱ። እሱም ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይወጣና ከአጥር ጀርባ ይተፋዋል።

በአራተኛው ዓመት አረገዘች። አምሮቷ ያው ሁመር ሆነ። ሌላ እህል አልወርድ አላት፣ መነመነች። ዝናብ ጠፍቶ ስለነበር የዚያ ዓመቱ ቁና ጎዶሎ መጣ። እሷ ግን ባሌ ከሚቀርበት ልጄ ይታገሥ ብላ ፈለፈለችና እጇን ዘረጋችለት። ምራቋን ትውጣለች።

ጎረሰ። አያት። ከዚያ እዚያው ፊቷ መዳፉ ላይ ተፋው።

«አልወደውም» አላት። «እስከ ዛሬ ከአጥር ጀርባ ስተፋው ነው የኖርኩት። አንቺ ብዪው።»

ሰውየው አሁን ጓዟን ጠቅልላ ላገሬ ትለኛለች ብሎ ይጠብቃል። እሷ አንዲት ፍሬ አንስታ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ምን ልበልሽ ስንዱ፣ ወንዙ ጉንጯ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። እንደ ጨፈነች ታወራለች፤ የዛፉ ጥላ ውኃው መሐል ድረስ ሲሄድ፣ ታናሽ እህቷ የተፋችውን ዘር ዓሣ ይበላልኛል ብላ እስኪመሽ ስትጠብቅ። እሱ ዘንግ ሳያነሳ፣ ውኃ ሳይሻገር፣ ያን ጥላ አየው። እግሩን ሁሉ በረደው።

«ያንተም የገብስ እሸት ለእኔ ጭድ ነው» አለችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ዛሬ አንቆ ይገድለኛል እያልኩ ነው የማኝክልህ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

እና ስንዱ፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። አማትሽ ደግሞ ያቺ ሴት ናቸው፤ ከአፋቸው ቀንሰው ነው የላኩልሽ። ይጥማል ካልሽ ከርሞም ይቀንሳሉ፣ አንቺም ልጅነታቸውን ስትደፊ ትኖሪያለሽ። ይልቅ ይዘሽላቸው ሂጂና «እማማ፣ እኔን ይጎመዝዘኛል፤ እርስዎ እየበሉ ያጫውቱኝ» በያቸው። ምላስ ያደገበትን አይለቅም፤ ጆሮ ግን የሰው አገርም ይጥመዋል። አይከፋቸውም አልልሽም። ይከፋቸው ይሆናል፣ ለአንድ ቀን።